ከአቡጀዲው ጀርባ የተቀመጠችው ሐዘንተኛ

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀበረ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ቆሜ ሰማሁ። አንባቢው ድምፁን እያሳመረ፣ ሟቹ በጣልያን ጊዜ የውስጥ አርበኛ እንደነበረ፣ የሴት ልብስ ለብሶ የጠላትን ኬላ እያለፈ ለአርበኞች መልእክት ያደርስ እንደነበረ ተናገረ። አጠገቤ የቆመችው ጎረቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«እንዲህ ያለውን ሰው ነው አላገባም ያልሽው» አለችኝ።

እሷም እንደኔ አርጅታለች። ይህንኑ ስትለኝ ነው ያረጀችው። ለሷም ሆነ ከቤቴ ውጭ ላለ ሰው መልስ ሰጥቼ አላውቅም። አሁን እሰጣለሁ፤ ስም ግን አልጠራም። ልጆቹ ምንም አልበደሉኝም። የሴት ልብስ መልበሱም እውነት ነው። ለብሶ ያየሁት እኔ ራሴ ነኝ። የማልቀበለው የቀረውን ነው።

ጣልያን ከተማውን በያዘ ጊዜ ከእናቴ እህት ጋር እኖር ነበር። ወላጆቼ ሞተዋል። ያለኝ አንድ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱም ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገብቷል። ከተማው የጣልያን ነው፣ ከኬላው ወዲያ ያለው ገጠር ግን የማን እንደሆነ የሚታወቀው በየቀኑ ነበር። ወንድሜ የት እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው ነፍሱን በእጁ ይዞ ነው የሚዞረው። እኔ አውቅ ነበር። አክስቴ እንኳ አታውቅም፤ ልነግራትም አልፈለግሁም፣ ጠላ ሻጭ ናትና ከደንበኛ ጋር ማውራት ሥራዋ ነው።

ከደንበኞቿ አንዱ ከገበያው ዳር በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢሙን በየጠዋቱ የሚላጭ ሰው ነው። ጨዋታ ያውቃል። ቄሱን ይሆናል፣ ሹሙን ይሆናል፣ የጣልያኑን መኮንን አካሄድ ይሄዳል፤ አክስቴ ሆዷን ይዛ እስክታነባ ትስቃለች። እኔንም «እሜቴ» እያለ ይጠራኝ ነበር፣ የትልቅ ሰው ልጅ የሆንኩ ይመስል። እሱ ሲመጣ ፀጉሬን የምነካካው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚህ በላይ ስለዚያ ነገር አልጽፍም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጣልያኖች ሲኒማ እናሳያለን ብለው አስለፈፉ። ማታ መውጣት ክልክል ስለነበረ በቀን፣ ከምሳ በኋላ ነው የሚታየው። ከአንድ እስላም ነጋዴ ላይ የወሰዱትን የእህል መጋዘን መስኮቶቹን በወታደር ብርድ ልብስ ደፈኑት። ሥዕሉ የሚያርፍበትን ጨርቅ፣ ሦስት ስፋት አቡጀዲ ገጥሞ የሰፋላቸው ልብስ ሰፊው ነው።

በመጨረሻው ሰዓት የከተማው ሽማግሌዎች ወንድና ሴት ጨለማ ውስጥ ተደባልቆ አይቀመጥም አሉ። መኮንኑ ተቆጣ፤ ኋላ ግን አንድ ዘዴ መጣለት። ጨርቁን ከግድግዳው አንስተው ከመጋዘኑ መሃል ሰቀሉት። ወንዶቹ ከፊት ለፊት፣ እኛ ሴቶቹ ከጨርቁ ጀርባ ተቀመጥን። ብርሃኑ በአቡጀዲው አልፎ ይመጣልና ሁላችንም አየን።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ሰዎቹ ጨርቁ ውስጥ ይኖራሉ። ያወራሉ፣ ድምፃቸው ግን ከሌላ በኩል ይመጣል። የስፌቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ስለሚያልፍ፣ አንዱ ሰው ከወዲህ ወዲያ ሲሄድ ፊቱ መስመሩ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈልና ተመልሶ ይገጥማል። ሰማያዊው ብርሃን ሴቶቹ ፊት ላይ ሲያርፍ ሁሉም ከመቃብር የወጡ ይመስላሉ።

ታሪኩ ዛሬ የግል መርማሪ ስለሚሉት ሰው ነበር። አስተርጓሚው ቃሉ ጠፍቶበት ከወንዶቹ በኩል «በደመወዝ የሰው ዱካ የሚከተል ቅጥረኛ» እያለ ይጮኻል። አንድ ሀብታም የልጁ ሐብል ጠፍቶበት ሌባውን እንዲፈልግ ይቀጥረዋል። ሰውየው ልጅቱን ጠርጥሮ ይከታተላታል፤ ከአበባ ማሰሮ ጀርባ ይደበቃል፣ አሮጊት መስሎ ሻይ ያቀርብላታል። ሲከታተላት ሲከታተላት ይወዳታል። ሁለቱ ሲሳሳሙ አስተርጓሚው «አሁን ይመካከራሉ» አለ። ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ።

እኛን ያሳቀን ሌላ ነበር።

«እዩት፣ በግራ እጁ ነው የሚበላው» አለች አንዷ።

«ሲጨብጥም በግራው ነው።»

«ሁሉም እኮ ናቸው። አገር ምድሩ በግራው ነው እንዴ የሚጎርሰው? እናት የላቸውም?»

መርማሪው ልጅቱን ባየ ቁጥር በግራ እጁ ባርኔጣውን ከፍ ያደርግላታል። በየጊዜው ሳቅን።

እኔ ግን የመጣሁት ለሲኒማው አልነበረም። ከአምበር በኩል ቅቤ ይዛ የምትመጣ ሴት ነበረች፤ የወንድሜን ቃል የምታመጣልኝ እሷ ናት። ኬላው ላይ ቅቤዋን ጨብጠው ጨብጠው ስለሚያሳልፏት ስሟንም አይጠይቋትም። ሳቁ ሲደምቅ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «በአምበር ገበያ ቀን ከአያታችሁ ባዶ ጎጆ ይጠብቅሻል። ቆስሏል፤ ብዙ አይደለም። መድኃኒትና ጨው ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ረፋድ ላይ። ብቻውን ነው።»

ዞር ስል በሌላው ጎኔ አንዲት ሐዘንተኛ ተቀምጣለች። መቼ እንደመጣች አላየሁም። በጭቃ የተነከረ ጥቁር ነጠላ እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባለች። ብርሃኑ የሁላችንም ልብስ ላይ ሲጫወት እሷ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። በዚያ ዘመን እንዲህ የተከናነበች ሴት በየቤቱ ነበረች፤ ሐዘንተኛን ደግሞ ፊትሽን ግለጪ የሚል የለም፣ ነውር ነው። «እግዜር ያጥናሽ» አልኳትና ትንሽ ፈቀቅ አልኩላት። አንገቷን ነቀነቀች እንጂ አልተናገረችም። የካውያ ሽታ፣ የጋለ ጨርቅ ሽታ ነበራት። ሁሉም ሲስቅ አትስቅም። አንዴ ብቻ፣ መርማሪው የአሮጊት ቀሚስ ለብሶ ሲወጣ፣ ድምፅ ሳይወጣት ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምታለቅስ መሰለኝ።

ብርድ ልብሶቹ ከመስኮቶቹ ሲነሱ የለችም። የተቀመጠችበት ጭድ ተጨፍልቋል።

«ከኔ ጎን የነበረችው ማን ናት?» አልኩ።

«የቷ?» አለች ከኋላዬ የነበረችው።

«ጥቁር የለበሰችው።»

ሴቶቹ ተያዩ። ማንም አያውቃትም። አንዲት አሮጊት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ባሏን ጣልያን ገድሎባት በዚያው ክረምት በሐዘን የሞተች ሴት እንደነበረች፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ባሏን ፍለጋ እንደምትመጣ ነገረችን። «አንቺ ጎን መቀመጧ ደግ አይደለም» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚከተለኝ ያለ ይመስለኝ ጀመር። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ከኋላዬ እርምጃ እሰማለሁ፤ ስቆም ይቆማል።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው መጣ። አክስቴ ሲኒማው እንዴት እንደነበረ ጠየቀችው፤ እግሯን ስለሚያማት አልሄደችም ነበር።

«እትዬ፣ ቀረብዎት» አለና ተነሣ። መርማሪውን ሆነ። ከእንስራው ጀርባ ተደበቀ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በእግር ጣቱ ሄደ። ወደኔ ዞሮ በግራ እጁ የሌለ ባርኔጣ አነሳልኝ። ዋንጫውን በግራው አንስቶ ጠጣ። «ፈረንጅ ቀኝ እጁን ለምን እንደሚያስቀምጠው አላወቅኩም፤ ለቅዳሜና እሑድ ይሆናል» አለ። ሳቅሁ። እጄን ስዘረጋለትም በግራው ጨበጠኝና «ይቅርታ እሜቴ፣ ሲኒማው ተጋባብኝ» አለኝ።

«አንተ የት ተቀምጠህ ነበር?» አልኩት፣ እንዲያው ለጨዋታ።

«ከወንዶቹ በኩል፣ በሩ አጠገብ።»

በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው እንደ ወጉ ቆመው ተናገሩ፤ ከዚያ ዘር ቆጠራ ተጀመረ። ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ፣ ከየት አገር፣ ከየትኛው ደብር። አክስቴ ጥሎባት የትውልድ ጉዳይ ትወዳለች። የአባቴን አባት ስም ጠርታ፣ ከአምበር ወዲህ ካለው ጅረት ማዶ እንደነበሩ፣ ጎጇቸው እስካሁን ባዶዋን እንደቆመች አንድ በአንድ አስረዳች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሦስት ጊዜ አስደገማት። ለልብስ ሰፊው ማድረሱ ነው ብዬ እኔም በመጋረጃው ቀዳዳ እያየሁ ደስ አለኝ። መልሱ ከአምበር ገበያ በኋላ ይሰጣል ተባለ። መልሴ ምን እንደነበረ ማንም ሊጠይቀኝ አይገባም።

ገበያው አንድ ቀን ሲቀረው ለወንድሜ ቁስል ማሰሪያ አቡጀዲ ልገዛ ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄድኩ፤ መጋዘኑ የተወሰደበት ሰውዬ ነው። ሽማግሌና ቁጡ፣ ግን ለኔ ደግ ነበር። ጨርቁን በግራ እጁ ይቀድዳል፤ ግራኝ ነው።

«አባባ፣ ሲኒማው ላይ እንደርስዎ ያሉ ሰዎች ሞልተውልዎት ነበር» አልኩት።

«እንደኔ እንዴት?»

«ሁሉም ግራኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ነው ያለሽ? ከፊተኛው ረድፍ ነው የተቀመጥኩት። እኔ ልጅ ሆኜ በዚህ እጄ የተነሳ እናቴ እንደ አህያ ስትገርፈኝ ኖራለች። ሰው ሲበላ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። ወላሂ፣ አንድ ግራኝ አልነበረም።»

«እኛ ግን አይተናል። ሴቱ ሁሉ አይቷል።»

ከዚያ የቀደደውን አቡጀዲ ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ፀሐዩ ከውጭ ይመታል። «ከዚያ ወዲህ ሁኚ» አለኝና ጨርቁን በመካከላችን ዘረጋው። ከላይ ብቅ ብሎ፣ «ይህ ቀኜ ነው» ብሎ አሳየኝና እጁን ከጨርቁ ኋላ አደረገው። የእጁ ጥላ በጨርቁ ላይ ተንቀሳቀሰ።

«በየት በኩል ነው ያለው?»

«በኔ በግራ።»

«በኔ ግን በቀኝ ነው። በቃ፣ ከጀርባ ነዋ ያያችሁት። በቀኙ የበላውን በግራው በላ ብላችሁ አማችሁት።» እየሳቀ ጨርቁን አጠፈው። እኔን ሲያይ ሳቁን ተወ። «ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?»

ከሴቶቹ በኩል ያልተቀመጠ ወንድ ያንን ግራ እጅ ሊያይ አይችልም።

«ልብስ ሰፊውን ከናንተ በኩል አይተውት ነበር?» አልኩት።

«ጨርቁን ሰቅሎ ወጣ። አልተመለሰም።»

የካውያው ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። ሽማግሌው ጎጆዋን ለምን ሦስት ጊዜ እንዳስደገመም ገባኝ።

ቅቤ ሻጯ ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ ሌላ የምልከው ሰው የለም። ወንድሜ በማግስቱ ረፋድ ከጎጆዋ ገብቶ ይጠብቀኛል፣ ወታደሮቹም ያውቃሉ። የእናቴን የሐዘን ነጠላ ከሳጥን አወጣሁ። ጎህ ሲቀድ እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ኬላው ላይ ደረስኩ። ባንዳው አንድ ጊዜ አየኝና እጁን አወናጨፈ። «ሂጂ፣ ሂጂ። እግዜር ያጥናሽ።» ወረቀት አልጠየቀኝም።

መንገዱን ጉም ሞልቶታል። አሥር እርምጃ ከፊት አይታይም። የመጀመሪያውን ወንዝ ስሻገር ከኋላዬ ውኃው ሌላ ሰው ሲረግጠው ሰማሁ። ዞርኩ። ጉሙ ሳሳ ሲል አንዲት ሐዘንተኛ ቆማለች። ጥቁር፣ ረጅም፣ እስከ ዓይኗ የተከናነበች። ስሄድ ትሄዳለች። ስቆም ትቆማለች። የመጋዘኗ አሮጊት የነገረችን ሙት ናት ብዬ ባምን በወደድኩ። ሙት ብትሆን ወንድሜ መግባቱን አይታ ወታደር ጠርታ አታስገድለውም።

ወደ ጎጆዋ የሚወስደውን መታጠፊያ አለፍኩት፤ አልዞርኩም፣ ዓይኔንም አልጣልኩበት። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ከኮረብታው በላይ ሙሾ ሰማሁ። ሰው ሞቷል። ወደዚያ ወጣሁ።

ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው ዝም ብሎ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ጀምሮ ድምፁን አውጥቶ እያለቀሰ ነው የሚገባው፤ ያሉት ደግሞ ወጥተው አቅፈው ያስገቡታል። ሟቹን ባላውቀውም አለቀስኩ። ማልቀስ አልቸገረኝም። ሴቶቹ አቀፉኝ። ከመካከላቸው አንዷ የአያቴ ጎረቤት የነበሩ ባልቴት ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ ነጠላዬን ገለጥ አደረግሁላቸው። «እማማ፣ ወንድሜ ከአያታችን ጎጆ ነው። ወታደር እየመጣ ነው፣ አስወጡልኝ» አልኳቸው። እንባቸውን ጠርገው፣ ቅርጫት አንስተው በጓሮ በኩል ወጡ።

ሁለተኛዋ ሐዘንተኛ ከአጥሩ በር ላይ ቆማ ነበር።

አልቃሿ ወደሷ ዞረች። «ነይ እህቴ፣ ድምፅሽን አሰሚን» አለቻት። አልመለሰችም። ሙሾው እየቀነሰ መጣ። «ምነው፣ ለማን ነው የመጣሽው?» አለች ሌላዋ። ሁሉም ዞሮ ያያታል። ድምፅ የሌላት ሐዘንተኛ በለቅሶ ቤት በር ላይ ቆማ፣ ጉሙ ከኋላዋ ሲያልፍ እስካሁን በሕልሜ አያታለሁ። ከወንዶቹ በኩል ሁለት ሰዎች ጠመንጃቸውን እንደያዙ ተነሡ።

አልቃሿ ወደኔ ዞረች። «አብራሽ ናት የመጣችው። ማን ናት?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ወንድ ነው» ብል አለቀለት።

«አላውቃትም» አልኩ።

ወደ ኋላ እየሄደች ከጉሙ ውስጥ ገባች። ከመጥፋቷ በፊት ግራ እጇን አንስታ፣ በእኔ ላይ ዓይኗን ተክላ፣ የሌለ ባርኔጣ ከፍ አደረገችልኝ።

ወንድሜ ተረፈ። ወታደሮቹ ከቀትር በኋላ መጥተው ባዶዋን ጎጆ አቃጠሉ። አክስቴ ልብስ ሰፊውን እንደማላገባ ስነግራት ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት። «ግራ እጁን ስላነሳ ባል ትከለክያለሽ?» አለችኝ። «ደግሞ ለማንም እንዳትናገሪ፤ ነገ ተነሥቶ ወንድምሽን እንዳያስበላብን።» እስክትሞት ድረስ ያባረርኩትን ሙሽራ እያነሳች ወቀሰችኝ።

የወንድሜ ጓዶች ግን ነገሩን አልተዉትም። የጎጆዋን ምስጢር ማን አወጣ አሉ። የሚያውቁት እኔና ቅቤ ሻጯ ብቻ ነን፤ እኔ ደግሞ እህቱ ነኝ። እሷን ያዟት። ገረፏት፣ ከአገር አስወጧት። ደብረ ኤልያስ ሄዳ በሰው ደጅ ኖራ ሞተች። እሷ አይደለችም ብዬ ላክሁባቸው፤ ማን ነው ታዲያ ሲሉኝ የማሳየው አንድ ግራ እጅ ብቻ ነው የነበረኝ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ለወንድሜ ፊት ለፊት ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ሲኒማ አይተሽ ነው» አለኝ። በዚያው ዓመት ለበዓል ካፖርት አሰፋ። ያሰፋው ከልብስ ሰፊው ዘንድ ነው፤ በከተማው ከሱ የተሻለ አልነበረም። ልኩን ሲወስድለት «የእሜቴ ወንድም» እያለ አጫወተው አሉ። ያንን ካፖርት እስኪሞት ድረስ ለበሰው። እኔ በያመቱ አራግፌ፣ ተኩሼ እሰቅልለት ነበር።

የቅቤ ሻጯ ልጅ አሁንም ደብረ ኤልያስ አለች። ማንበብ አትችልም። መንገዱ ሲደርቅ ሄጄ ይህን ወረቀት አነብላታለሁ። እናቷ ንጹሕ እንደነበረች በዚህ ዕድሜዋ ብትሰማ ምን እንደሚጠቅማት አላውቅም። ለቅሶው ቤት ላይ ስደርስ፣ ያኔ ለምን አላውቃትም እንዳልሽ ንገሪኝ ትለኛለች። ያንን ቦታ ሳላነብ አላልፈውም። ስትጠይቀኝም ወረቀቱን መልሼ፣ ፀጉሬን እነካካ የነበረበትን ቦታ ደግሜ አነብላታለሁ።